ከዘመኑ የቀደመ ሽበት

በአገራችን የሽበት ማዕረግ ከፍ ያለ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሥሉስ ቅዱስን በሦስት አረጋውያን አምሳል ሲሥሉ ጠጕሩንና ጽሕሙን እንደ ባዘቶ ማንጣታቸው፥ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ነጭ ጽሕማቸው ወርዶ መታየቱ፥ በየመንደሩ ጠብ የተነሣ እንደ ሆነም ሽበት የወረሳቸው ሽማግሎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ባላጋራዎቹን ማስታረቃቸው፥ ነጭ ጠጕር የዘመን ብዛትና የአእምሮ ብስለት ምልክት ሆኖ በሕዝቡ ኅሊና ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። ነገር ግን ምልክቱ እንዲህ የከበረ በመሆኑ፥ ጊዜው ሳይደርስ በወጣት ራስ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ባለቤቱን ይበልጥ ያስጨንቀዋል፤ ይህም መልኩን ስላበላሸበት ሳይሆን፥ ያልኖረውን ዘመን እንደ ኖረ አድርጎ በአደባባይ ስለሚመሰክርበት ነው።

ዕድሜው ገና ሠላሳ ያልሞላ ሰው በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ፥ ከእርሱ ብዙም የማያንስ ጎልማሳ «አባባ፥ እርስዎ ይቅደሙ» ያለው እንደ ሆነ፥ ክብሩን ቢቀበል የማይገባውን የወሰደ፥ ባይቀበልም የሰውየውን ትሕትና ያቃለለ ይመስለዋል። ወንዱ ግን በዚህ ጭንቀት ውስጥ እንኳ መጽናኛ አያጣም፤ በመሥሪያ ቤቱ አስተዋይ ይባላል፥ ለሽምግልና ይጠራል፥ ቃሉም ይደመጣል። በሴቲቱ ላይ ያለው ፍርድ ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። በሃያ አምስት ዓመቷ ከግንባሯ በላይ ጥቂት ነጭ ጠጕር ብቅ ያለባት ልጅ «ምን ኀዘን አገኘሽ?» ተብላ ትጠየቃለች፤ ጎረቤት ዕድሜዋን በሹክሹክታ ይቆጥርባታል፤ እናቷም ልጄ ሳታገባ ትቀራለች ብላ በመስጋት ቀለም ገዝታ ታቀርብላታለች። አንዱ ምልክት ለወንድ ሞገስ፥ ለሴት ነውር የሚሆንበት ሚዛን የተዛባ ሚዛን ነው፤ ስለ ቀለም መቀባትና አለመቀባት የሚደረግ ክርክርም ይህን አድልዎ ካላነሣ የነገሩን ሥር ሳይነካ ያልፋል።

የጠጕር ቀለም የሚሠራው ከቆዳ በታች በጠጕሩ ሥር ነው። በዚያ ሜላኖሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ሜላኒን የተባለውን ቀለም እየሠሩ ለሚያድገው ጠጕር ያቀብሉታል፤ እነርሱን የሚተኩት እናት ሕዋሳት ያለቁ እንደ ሆነ ጠጕሩ ማደጉን ሳያቋርጥ ቀለም አልባ ሆኖ ይወጣል። የሕክምና ሊቃውንት ሽበት ያለ ዘመኑ መጣ የሚሉት በአብዛኛው በአውሮፓውያን ከ20፥ በእስያውያን ከ25፥ በአፍሪካውያን ከ30 ዓመት በፊት ሲታይ ነው። ዋናው ምክንያት ውርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ6,000 በሚበልጡ የላቲን አሜሪካ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናትም አይአርኤፍ4 የተባለው ዘረ መል ከሽበት ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል።

ዳሩ ግን ሽበት ሁሉ ከውርስ ብቻ አይመጣም፤ የቫይታሚን ቢ12 ጉድለት፥ በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሕመም፥ ለምጽ፥ ሲጋራ ማጨስም ከእርሱ ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከእንቁላልና ከወተት ስለ ሆነ፥ በፍስክ ወራት እንኳ ከእነዚህ አንዱን የማይቀምስ፥ ወይም የቀመሰውን ሆዱ በሚገባ የማይቀበልለት ሰው፥ ከሽበቱ ጋር ድካምና የእግር መደንዘዝ የታየበት እንደ ሆነ፥ ቀለም ከመግዛቱ በፊት ደሙን ሊያስመረምር ይገባዋል፤ ጉድለቱ ሲሟላለት ጠጕሩ ወደ ጥቁረቱ የተመለሰለት ሰው አልፎ አልፎ ተገኝቷልና። ኀዘን ያሸብታል የሚለው የቆየ እምነትም ፍጹም ከንቱ አይደለም፤ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፥ ጭንቀት የሚያስለቅቀው ኖርአድሬናሊን የቀለሙን እናት ሕዋሳት ሲያሟጥጥ አይተዋል። ይሁን እንጂ ከቆዳ ውጭ የወጣው ጠጕር ሕይወት ስለሌለው፥ ጥቁር ሆኖ ያደረ ራስ በአንዲት ሌሊት ነጭ ሆኖ አይነጋም።

ጠጕርን ማቅለም የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ በሐረር ጽሕማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሙስሊም አረጋውያን የቆየ ልማድ ተከታዮች ናቸው። ሂና ግን ነጩን ያቀላዋል እንጂ አያጠቁረውም። ጥቁረትን የፈለገ ሰው የሚገዛው በአብዛኛው ፈረንሳዊው ኬሚስት ኢዩጂን ሹለር እ.ኤ.አ. በ1907 ለፓሪስ ጠጕር ሠሪዎች ይሸጥ እንደ ጀመረው ያለ፥ በቤተ ሙከራ የተሠራ ቀለም ነው። አሞኒያው የጠጕሩን ቅርፊት ይከፍታል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱም ወደ ውስጥ የገባውን ቅመም አዋሕዶ ወደ ጥቁር ይለውጠዋል። በጥቁሮቹ ቀለሞች ውስጥ የሚበዛውና ፒፒዲ ተብሎ የሚጠራው ቅመም በአንዳንድ ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ያስነሣል፤ ራስ ይቆስላል፥ የዓይን ሽፋንም ያብጣል፤ ለዓመታት ተቀብቶ ደኅና የነበረ ሰው እንኳ አንድ ቀን ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ከ48 ሰዓት በፊት ጥቂቱን በክርን ውስጠኛ ቆዳ ላይ ቀብቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። «ጥቁር ሂና» እየተባለ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ይኸው ቅመም የተጨመረበት ነው። ቅመሙ ቢዋጥ ይገድላልና፥ በጎረቤታችን በሱዳንም በዚህ ብዙ ሕይወት ጠፍቷልና፥ ከሕፃናት እጅ ፈጽሞ ይራቅ። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳስታወቀው፥ ለራሱ የሚቀባውን ሰው በሚመለከት፥ ቀለሙ ካንሰር ያመጣል ወይም አያመጣም ለማለት ማስረጃው ለፍርድ አይበቃም፤ ቀኑን ሙሉ ቀለም ስትነካ የምትውለው የጠጕር ሠራተኛ ግን ለአደጋው ይበልጥ ትጋለጣለችና፥ ያለ ጓንት እንዳትሠራ ደንበኞቿ ሊያሳስቧት ይገባል።

ቀለም መቀባት የፈጣሪን ሥራ ማረም ነው የሚሉ፥ በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ ስለ ጠጕር የተነገረውንም ለክስ የሚጠቅሱ አሉ፤ ያ ቃል ግን በራስ መማልን የሚከለክል እንጂ ስለ ቀለም የተሰጠ ሥርዓት አይደለም። እናቶቻችን ዓይናቸውን ተኩለው፥ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ አቅልተው፥ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው በዓል ሲያከብሩ ማንም ኃጥኣን አላላቸውም። እንዲያውም በሃያ ስምንት ዓመቱ የስድሳ ዓመት ራስ የተሸከመ ሰው ሲያጠቁረው፥ ዕድሜውን መሸሸጉ ሳይሆን መልኩን ከእውነተኛው ዕድሜው ጋር ማስማማቱ ነው እላለሁ። ሳይቀባ የሚኖረውም እንደዚሁ በነጻነት ይኑር። እኔ የማዝነው ለሁለቱም አይደለም፤ ነጩ በሥሩ ብቅ ባለ ቁጥር አማቷ ወይም አለቃዋ ምን ይሉኛል እያለች፥ ቆዳዋ እየተቆጣ እንኳ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ለምትቀባው ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት ቀለሙን ለመተው የወሰነች እንደ ሆነ፥ ጠጕር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፥ ርዝመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ዓመት ያህል ሁለት ቀለም ይዛ መቆየት ይኖርባታል፤ ቶሎ ለመገላገል የፈለገች በአጭሩ ትቈረጠዋለች፥ ርዝመቱን የምትወድም ሹሩባ እየተሠራች ጫፉን ቀስ በቀስ ታስከረክማለች። ወንዱ ግን ጠጕር አስተካካይ ዘንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ይበቃዋል።