ለአሮጌ ፒክ አፕ ትልቅ ሞተር፤ ከመግዛት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ

ገበሬ ምርቱን ከማሳው ሰብስቦ ጎተራ ስላስገባ ብቻ ደከሙን አገኘ አይባልም፤ ምርቱ ሳይበላሽ ከገበያ ደርሶ ዋጋ ሲያወጣለት ነው እንጂ። ይህን የማድረስ ሥራ ቀድሞ አህያና በቅሎ ይሠሩት ነበር፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ ይሠሩታል። መንገድ በደረሰበት ወረዳ ግን ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ድንቹንና ወተቱን የሚያመላልሰው ፒክ አፕ የሚባለው ባለ ክፍት ካሶኒ መኪና ነው። ከእነዚህም መኪኖች ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገሉት ጥቂት አይደሉም።

ባለንብረቶቹ አሮጌውን መኪና የሙጥኝ የሚሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ስለዚህ በእጁ ያለውን መኪና ማደስ ለገበሬውም ሆነ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከሁሉ የቀረበ መንገድ ሆኖ ይታየዋል። በእርሻ ጉዳይ ወደ ቢሮአችን የሚመጡ ሰዎችም ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ጠይቀው ሲያበቁ፣ «መኪናዬ ዳገት አልወጣ ብሎኛል፤ ተለቅ ያለ ሞተር ባስገባበት ምን ይመስልዎታል?» ማለታቸው የተለመደ ነው። ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል እሺ ወይም እምቢ ብሎ መመለስ ስለማይቻል፣ ነገሩን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የደጋው አየርና የሞተር ጉልበት

ብዙ ሰው መኪናው ዳገት ሲያቅተው ሞተሩ አረጀ ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ልክ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በደሉ የሞተሩ ሳይሆን የአየሩ ነው። ሞተር ነዳጅን ለማቃጠል አየር ያሻዋል፤ ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ደግሞ አየር እየሳሳ ይሄዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የጎደለው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በአገራችን በጣም የታወቀውን የቶዮታ ሂሉክስ ፒክ አፕ ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ በብዙዎቹ ላይ የነበረው 2ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር መጠኑ 2,446 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። ይህ ሞተር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሠራ የሚስበው አየር፣ በባሕር ዳርቻ 1,930 ሳንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ሞተር የሚስበውን ያህል ብቻ ነው። የዚሁ ዘር ታላቅ የሆነው 5ኤል መጠኑ 2,986 ሳንቲ ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ በዚያው ከፍታ የ2,360 ሞተር ያህል አየር ይስባል። እንግዲህ ትልቁ ሞተር በደጋ ላይ የሚሰጠው ጉልበት ትንሹ ሞተር በቆላ ከነበረው ጉልበት የሚበልጥ አይደለም፤ ተራራው የወሰደውን ይመልሳል ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ሞተር ስለ ለወጠ ብቻ የጭነቱን ልክ እጥፍ ያደርጋል፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። መኪናው ሲደክም ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ሄዶ የናፍጣውን ፖምፓ ከፈት እንዲያደርጉለት ያዛል። አየር ሳይጨመር ናፍጣ ቢጨመር ግን የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል።

ስለዚህ ሞተር ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣት በፊት የነበረውን ሞተር ማስመርመር ይገባል። የአየር ማጣሪያው በአውድማ አቧራና በጤፍ ገለባ ተደፍኖ እንደሆነ፣ የናፍጣ ማጣሪያው አርጅቶ እንደሆነ፣ ኖዝሎቹ ናፍጣውን አሳምረው የማይረጩ እንደሆነ፣ የቫልቮቹ ክፍተት ልኩን ስቶ እንደሆነ፣ እንዲሁም ፍሬኑ ጎማውን ይዞ የማይለቅ እንደሆነ መታየት አለበት። ከዚህ በኋላ የየሲሊንደሩ እመቃ በመለኪያ ይለካ። እመቃው ደህና ከሆነ ሞተሩ ገና ያገለግላል፤ እመቃው ከወደቀ ብቻ ስለ መለወጥ ማሰብ ይቻላል።

የትኛው ሞተር ለየትኛው መኪና

መለወጥ የግድ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው የዚያው ዘር የሆነ ሞተር መፈለግ ነው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። 3ኤል 2,779 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። እነዚህ ሞተሮች በቁመትና በአቀማመጥ ስለሚቀራረቡ 2ኤል ከነበረበት መኪና ላይ ያለ ብዙ ሳልዳቱራ ሊገቡ ይችላሉ፤ ካምቢዮውም ብዙውን ጊዜ ይቀበላቸዋል።

ቀድሞ የቤንዚን ሞተር የነበረውን መኪና ወደ ናፍጣ መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሞተሩ የሚቀመጥበት ሱፖርት ይለያል፤ የካምቢዮው ቤት አይገጥምም፤ ስለዚህ የናፍጣው ሞተር ከነካምቢዮው መገዛት አለበት። የናፍጣ ማጣሪያና የተረፈውን ናፍጣ ወደ ሰልባትዮው የሚመልስ ቱቦም ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ከላንድ ክሩዘር ወይም ከጭነት መኪና የወጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በትንሽ ፒክ አፕ ላይ መጫን ነው። 1ኤችዜድ የሚባለው የላንድ ክሩዘር ሞተር 4,164 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ርዝመቱም ክብደቱም ለሌላ ሻንሲ የታሰበ ነው። ጎልማሳ በሬ ለአሮጌ ቀንበር ቢጠመድ የሚሰበረው ቀንበሩ ነው። ይህንም ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ይይ፤ አስቀድሞ አሙቀው ቢያሳዩት አይቀበል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ጭስ በኃይል የሚተነፍስ መሆኑን ይመልከት፤ ዘይቱ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ወተት ነጥቶ እንደሆነም ይመርምር። የኤል ዘር ሞተሮች የቫልቩን ሥራ የሚያዙት በጥርስ ባለው ቀበቶ ስለሆነና ይህም ቀበቶ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ስላለበት፣ ሞተሩ ከመኪናው ላይ ሳይታሰር በፊት አዲስ ቀበቶ ቢገባለት ይበጃል። ቀበቶው በመንገድ ላይ ቢበጠስ የሞተሩን ራስ ያበላሻል።

ከሞተሩ ጋር አብረው የሚታዩ ነገሮች

1ኛ፤ ፍሪሲዮኑ ከአዲሱ ሞተር ቮላኖ ጋር የሚስማማ ይሁን። የትንሹ ሞተር ፍሪሲዮን የትልቁን ጉልበት ሳይችል ቀርቶ ይንሸራተታል፤ ይቃጠላልም።

2ኛ፤ ራዲያተሩ ለትልቁ ሞተር የሚበቃ ይሁን። ዳገት ላይ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ነፋስ አያገኝም፤ ማቀዝቀዙ በራዲያተሩና በማራገቢያው ብቻ ይቀራል።

3ኛ፤ የፊት ባሌስትራ ወይም ሞላ አዲሱን ክብደት መቻሉ፣ ሻንሲውም በዝገት አለመበላቱ ይመርመር። የዛገ ሻንሲ ላይ ትልቅ ሞተር መጫን ገንዘብን መቅበር ነው።

4ኛ፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ይመሳከር። ከጭነት መኪና የወጡ አንዳንድ ሞተሮች ሞቶሪኖአቸው ባለ 24 ቮልት ነው፤ ፒክ አፑ ግን ባለ 12 ቮልት ነው።

5ኛ፤ ፍሬን። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ በዓይናችን ያየነውን እንጽፋለን።

በዓባይ በረሃ የሆነው

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄደው መንገድ ወደ ዓባይ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን ድልድይ ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱም እንዲሁ።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር አንድ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ከልጃቸው ጋር ሆነው በዚህ መንገድ ምርታቸውን ይዘው ወረዱ። መኪናቸው ባለ 18አር የቤንዚን ሞተር፣ መጠኑም 1,968 ሳንቲ ሜትር ኩብ የሆነ አሮጌ ሂሉክስ ነበረ። ሁለት በሬና የዓመቱን የጤፍ ትርፍ ሸጠው በ3ኤል የናፍጣ ሞተር አስለውጠውት ነበር። ሥራውም በብዙ ረገድ የተጣራ ነበር፤ ካምቢዮው አብሮ ተገዝቷል፤ ራዲያተሩም ተለውጧል። አዲሱ ሞተር ዳገቱን አሳምሮ ሲወጣላቸው ባዩ ጊዜ ግን ቀድሞ 10 ኩንታል ይጭኑ የነበሩት 17 ኩንታል ጫኑ።

ቁልቁለቱን አጋምሰው ሳሉ የፍሬኑ መርገጫ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ልጅየው በሁለት እግሩ ቢረግጠውም መኪናው አልቆም አለ። በመጨረሻም ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረደና መኪናውን በገደሉ ተቃራኒ በኩል ከተራራው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ከቶ ከድንጋዩ ጋር እያፋጨ አቆመው። በእግዚአብሔር ቸርነት ሰው አልሞተም። ሽንኩርቱ ግን በመንገዱ ላይ ተበተነ፤ የመኪናውም ግራ ጎን ተቀደደ።

መኪናው ሲመረመር ምክንያቱ ተገኘ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ባዶነት ይፈጥራል፤ ሰርቮ የሚባለው የፍሬን ማገዣ የሚሠራውም በዚያ ባዶነት ነው። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ባዶነት አይፈጥርም። ስለዚህ በኤል ዘር ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ አየር የምትመጥ ትንሽ ፖምፓ ትታሰራለች። እኚህ ገበሬ የገዙት ሞተር ያለ ዲናሞ ስለ መጣ፣ ጋራዡ ከአሮጌው የቤንዚን ሞተር ላይ የወረደውን ዲናሞ አበጃጅቶ አሰረላቸው። ባትሪው ይሞላል፤ መብራቱ ይበራል፤ ትንሿ ፖምፓ ግን የለችም። ከሰርቮው የሚወጣውም ቱቦ ጫፉ በቡሎን ተደፍኖ ቀርቷል። ባዶ መኪና በከተማ ሜዳ ላይ ሲነዳ የሰው እግር ብቻውን ስለሚያቆመው ጉድለቱን ማንም አላስተዋለም።

ጭነቱና መኪናው አንድ ላይ 3,000 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 1,300 ሜትር ቢወርዱ፣ በዚያ ቁልቁለት የሚወጣው ሙቀት 100 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ፍሬኖቹና በትንሽ ማርሽ የተያዘው ሞተር ናቸው። ሰርቮ የሌለው፣ ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ይህን ሊችል አይችልም።

ሽማግሌው በኋላ ወደ ቢሮአችን መጥተው ሲያጫውቱን፣ «እኔ የሚያወጣኝን ብቻ ነበር የጠየቅሁ፤ የሚያወርደኝን አልጠየቅሁም» አሉን። ከዚህ የተሻለ ምክር እኛም የለንም።

ስለ ሕግና ስለ ምዝገባ

የሞተሩ ቁጥር በመኪናው ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ ሞተር የለወጠ ሰው ለመንጃና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት አስታውቆ ማስመዝገብ አለበት። ለዚህም የሞተሩ ግዥ ሰነድና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልገዋል። ሰነድ የሌለውን ሞተር በርካሽ መግዛት በዓመታዊው ምርመራ ጊዜ ቦሎ ያስከለክላል፤ ሞተሩ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ገንዘቡም ሞተሩም ይጠፋሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሹማምንትም ለማኅበሩ መኪና ሞተር ሲያስለውጡ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ፍሬኑ ምርመራም የጽሑፍ ማረጋገጫ ከጋራዡ ቢቀበሉ ለአባሎቻቸው ደኅንነት ይበጃል።

ማሳሰቢያ

በዚህ ጽሑፍ ሞተር መለወጥን ለመንቀፍ አላሰብንም። በተገቢው መንገድ የተለወጠ ሞተር አሮጌውን መኪና ብዙ ዓመት ያኖረዋል፤ ምርትም በሰዓቱ ከገበያ ያደርሳል። ነገር ግን ሞተሩ ሲያድግ የመኪናው የጭነት ልክ አያድግም፤ ልኩን የሚወስኑት ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ጎማውና ፍሬኑ ናቸው። 10 ኩንታል እንዲጭን የተሠራ መኪና ምንም ያህል ሞተር ቢገባበት ባለ 10 ኩንታል ነው።

ናፍጣ ወይም ቤንዚን ቢሆን፣ ሞተሩ የተለወጠ ወይም ያልተለወጠ ቢሆን፣ ሰርቮው መሥራቱን ማንም ሰው በደቂቃ ውስጥ ሊያውቅ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፍሬኑን መርገጫ እስኪጠነክር ድረስ አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ፤ ከዚያም እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። መርገጫው ከእግርዎ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ዝቅ ካላለ ግን ጭነቱን አውርደው ወደ ጋራዥ ይሂዱ፤ ቁልቁለቱን አይጀምሩ።

ከላይ የጠቀስናቸው ገበሬ ትንሿን ፖምፓ ከነዲናሞዋ ገዝተው መኪናቸውን አሳደሱ። ልጃቸውም ከጎሐ ጽዮን ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ መርገጫውን ሳይፈትን አይወርድም። ሽንኩርቱንም አሁን የሚጭነው 10 ኩንታል ነው።