በፊልም የተቆጠሩ ብራናዎች

ሜክሲኮ ጣቢያ ባቡር የሚጠብቅ ተማሪ፣ ዳታው ካልከዳው፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚኖረውን ወንጌል በስልኩ ላይ ገጽ በገጽ ማየት ይችላል። በ13ኛው መቶ ዓመት ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈ ነው፤ የራሳቸው ሥዕልና ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር አለበት። መለያ ቁጥሩ 1832 ነው።

ቁጥሩን የሰጠው በምሕፃር ኢኤምኤምኤል የሚባለው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ ክህነት ከሁለት የአሜሪካ ተቋማት ጋር ጀመረው፤ አንዱ ሚኒሶታ ያለው ሂል ቤተ መጻሕፍት ነው። ዓመት ሳይሞላው አብዮት መጣ። ሥራው ግን ቀጠለ፣ 9,000 ገደማ መጻሕፍትም ተቀረጹ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በብራናው ላይ በቀይ የተጻፈው የቅዱሳን ስም እዚያ ሲደርስ ግራጫ ይሆናል። ደግነቱ ቀዩ ከጥቁሩ ፈዘዝ ስለሚል የለመደ ዓይን ይለየዋል፤ የሐረጉ ጌጥ ግን ውበቱን አጥቷል። ፊልሙ ኋላ በስካነር እየተነበበ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ለማየት መመዝገብ ይጠይቃል እንጂ ክፍያ የለውም።

ፎቶ ብቻውን ፋይዳው ትንሽ ነው፤ ምን እንደያዘ አንብቦ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ሸክም በዋናነት የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ቤታቸው ሳሉ በወታደሮች ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ሚኒሶታ ገብተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለዓመታት መዘገቡ። እስከ ቁጥር 5000 ያለው ካታሎግ አሥር ቅጽ ወጣው።

የተመልካች መብዛት ሌላም ጥቅም አለው፤ ዘረፋን ያጋልጣል። አሜሪካ የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ሰብሳቢ በስጦታ ያገኘው የብራና መጽሐፍ የደብረ ሊባኖስ ንብረት መሆኑ የታወቀው ቀድሞ በፊልም ተቀርጾ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለገዳሙ ተመለሰ።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ካታሎጉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ግእዙን ከማንም አብልጦ የሚያነበው የገጠር መሪጌታ የደብሩን መጽሐፍ በዚያ መዝገብ ውስጥ ለማግኘት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ መጥራት አለበት። መጀመሪያ ሊታተም የሚገባው አጭር የአማርኛ ማውጫ ይመስለኛል፤ የደብሩ ስም፣ የመጽሐፉ ስምና ቁጥሩ ቢኖሩበት ይበቃል።