የጥንት እምቢልታ ዋጋ በምን ይመዘናል?

በወልቂጤና በቡታጅራ ከአያት የወረሱትን የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው ዋጋውን ለሚጠይቁኝ ወገኖቼ ሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው ምክር ዕቃውን እንዳያጥቡት፣ ቅባትም እንዳይቀቡት ነው፤ በምድጃ ጢስ የጠቆረው የሸምበቆ ገላና ከብዙ ዘመን መነፋት የተነሣ የለዘበው አፉ የዕድሜው እውነተኛ ምስክሮች ናቸውና።

እምቢልታ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ እንዳለው እንደ ዋሽንት ሳይሆን፣ የጣት ቀዳዳ ከቶ ስለሌለው፣ አንዱ ብቻውን ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አይሰጥም፤ ሦስቱ እየተቀባበሉ ሲነፉ ግን ምሉዕ ዜማ ይወለዳል። ስለዚህም ከአንድ ሠሪ እጅ የወጡት ሦስቱ በኅብረት ሲገኙ፣ ክብራቸው ከሦስት ነጠላ ዕቃ ድምር እጅግ ይልቃል፤ ወራሾች አንዳንድ እየያዙ ሲለያዩ ማየት ለእኔ ብርቱ ኀዘን ነው።

ከነጋሪት ጋር የነገሥታትን አዋጅ ያበሥር የነበረው መለከት ሲቀርብልኝ፣ በመጀመሪያ የምመረምረው የቆዳ ልባሱን ስፌት ነው፤ ክሩ አዲስ፣ ቆዳው አሮጌ ከሆነ ኋላ የተጠገነ ነውና ዋጋው ይቀንሳል። ማን እንደ ነፋው፣ በየትኛው በዓል እንደ ተነፋ ከሽማግሌ ቃል የተጻፈ ማስታወሻ ካለው ደግሞ ይጨምራል።

ማነጻጸሪያ የሚሻ ሰው በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉትን መሣሪያዎች ይመልከት። የውጭ አገር ገዥ የቱንም ያህል ቢያቀርብ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።