ደጋን የሌለው ቫዮሊን፦ ፔዳል ስቲል ጊታርን ያስለቀሰው የተበላሸ ድምፅ

ቫዮሊንን ቫዮሊን የሚያሰኘው ከእንጨቱ ይልቅ ደጋኑ ነው። ክሩን ሳይለቅ እየሳበ ድምፁን እስኪሻ ድረስ ያረዝመዋል፤ ያሳድገዋል፤ ያሳንሰዋል። ደጋን በሌለው፣ በጣት ተመትቶ ብቻ በሚሰማ መሣሪያ ላይ ይህን የመሰለ ረጅምና የሚያለቅስ ድምፅ ማውጣት ይቻል ይሆን? የፔዳል ስቲል ጊታር ተጫዋቾች ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው፤ ከተበላሸ የስቱዲዮ ዕቃ።

መልሱ “ፈዝ” ይባላል። ቃሉ እንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛ ጆሮ “መፍዘዝ”ን ያስታውሳል፤ ዝምድና ባይኖራቸውም ትርጉሙ ብዙም አይርቅም። ፈዝ የጠራውን የጊታር ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክርና የሚያደበዝዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሣጥን ነው። ሻካራነት እንዴት ወደ ቫዮሊን ልስላሴ እንደሚያደርስ ለመረዳት ግን አስቀድሞ መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሃዋይ እስከ ናሽቪል

የስቲል ጊታር መነሻ የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሆኑት ሃዋይ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የኦዋሁ ደሴት ወጣት ክሮቹን በጣቱ ከመጫን ይልቅ ለስላሳ ብረት በላያቸው ላይ እያንሸራተተ መጫወት እንደ ጀመረ ይነገራል። ብረቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ ስለሚሻገር መሣሪያው የሰው ጉሮሮ ያለው ያህል ይሰማል።

ይህ አጨዋወት ወደ አሜሪካ ምድር ከተሻገረ በኋላ ክሮቹ በዙ፤ ኤሌክትሪክ ተጨመረበት፤ በመጨረሻም ከሥሩ የእግር መርገጫዎች ተገጠሙለት። መርገጫው ሲረገጥ የአንዱን ወይም የሁለቱን ክር ውጥረት ይለውጣል። ባድ አይዛክስ በዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ ይህን ስልት ተጠቅሞ የተጫወተው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሰማ ሌሎች ተጫዋቾች መርገጫ ለማስገጠም ተሽቀዳደሙ። ዛሬ የተለመደው ፔዳል ስቲል በአንድ አንገት ላይ 10 ክሮች አሉት። ቀኝ እጅ ይመታል፤ ግራ እጅ ብረቱን ያንሸራትታል፤ ግራ እግር መርገጫዎቹን ይረግጣል፤ ጉልበቶች የጎን ማንሻዎችን ይገፋሉ፤ ቀኝ እግር ደግሞ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን ይይዛል።

የተመታ ክር እና የተሳበ ክር

በቫዮሊን ላይ ደጋኑ ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ክሩም ያመልጠውና መልሶ ይያዛል። “ላ” ተብሎ በሚታወቀው ክር ላይ ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ 440 ጊዜ ይደጋገማል። ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን እንቅስቃሴ መርምሮ አስረድቷል። ከዚህ የሚወጣው ሞገድ የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያለው ሲሆን ከመሠረቱ ድምፅ በላይ የሚደረደሩ ብዙ ተከታይ ድምፆችን ይይዛል፤ 880፣ 1320፣ 1760 እያለ ወደ ላይ ይቀጥላል። ለቫዮሊን ያን የሚወጋ ሙላት የሚሰጡት እነዚህ ተከታዮች ናቸው።

የጊታር ክር ዕጣ ሌላ ነው። ኃይል የሚያገኘው አንድ ጊዜ፣ በተመታበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መድከም ነው። አስቀድመው የሚሞቱትም ላይኞቹ ተከታይ ድምፆች ስለሆኑ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ስቲል ጊታርን ወደ ቫዮሊን ለማስጠጋት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የመመታቱን ጠቅታ መደበቅ፣ ድምፁን ማርዘም፣ የጠፉትን ተከታይ ድምፆች መመለስ።

ፈዝ ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። የክሩን ምልክት ከሚችለው በላይ አጉልቶ የሞገዱን ጫፍና ግርጌ ይቆርጠዋል። ሞገዱ ሲቆረጥ በውስጡ ያልነበሩ ተከታይ ድምፆች ይወለዳሉ። ጠንካራውም ደካማውም ምልክት ከአንድ ጣሪያ በላይ ማለፍ ስለማይችል የክሩ መድከም ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

ከብልሽት የተወለደ ሣጥን

እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ “ዶንት ዎሪ” የተሰኘ ዘፈን በናሽቪል በሚቀረጽበት ጊዜ ግሬዲ ማርቲን የሚጫወተው የቤዝ ጊታር ድምፅ በድንገት ሻከረ። በድምፅ መቅረጫው ሰሌዳ ውስጥ አንድ ክፍል ተበላሽቶ ነበር። የቀረጻ ባለሙያው ግሌን ስኖዲና ባልደረቦቹ ግን ቀረጻውን አልጣሉትም፤ የተበላሸው ድምፅ እንዳለ ለሕዝብ ወጣ፤ ዘፈኑም ተወደደ።

ሌሎች ሙዚቀኞች ያንኑ ድምፅ መፈለግ ሲጀምሩ የተበላሸው ዕቃ ጨርሶ ሞቶ ነበር። ስኖዲ ሬቪስ ሆብስ ከተባለ የሙያ ጓደኛው ጋር ሆኖ ብልሽቱን በትራንዚስተር የሚደግም መሣሪያ ሠራ። የጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 “ማይስትሮ ፈዝ ቶን” በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

ኩባንያው ሣጥኑን ያስተዋወቀው ጊታርን ለማሻከሪያ ብሎ ሳይሆን ጊታርን የነሐስና የሸምበቆ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ለማስመሰያ ብሎ ነው። ፈዝ ከመጀመሪያው የታሰበው አንዱን መሣሪያ በሌላው ቦታ ለማቆም ነበር ማለት ነው። የሮሊንግ ስቶንስ ቡድን ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ ሣጥን የቀረጸው ዝነኛ መግቢያም ወደፊት በነሐስ መሣሪያዎች እንዲተካ የታሰበ ጊዜያዊ ንድፍ ነበር። ንድፉ እንዳለ ቀረና ዓለም የሚያውቀው እርሱን ሆነ።

የስቲል ጊታር ሰዎችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው አሉበት። ሬድ ሮድስ የተባለው የፔዳል ስቲል ተጫዋች የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ስለነበረው የራሱን የፈዝ ሣጥን ሠርቷል፤ የቬንቸርስ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያ ሣጥን ሙዚቃ ቀርጿል። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ስኒኪ ፒት ክላይኖው በፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስ ቡድን ውስጥ ፈዝን ከፔዳል ስቲል ጋር አጋባ። የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ አድማጩ ፈጽሞ ያልለመደው የስቲል ድምፅ ተሰማ። ክላይኖው በሌላ በኩል በፊልም ልዩ ምስሎች ሥራ የተሠማራ ባለሙያም ነበር።

ቫዮሊኖቹ በገቡበት ዘመን

ጉዳዩ የጆሮ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በናሽቪል ቼት አትኪንስና ኦወን ብራድሊን የመሳሰሉ አዘጋጆች የገጠሩን ሙዚቃ ለከተማ አድማጭ ማለስለስ ጀመሩ። በብዙ ቀረጻዎች የባላገሩ ቫዮሊንና ስቲል ጊታር ከፊት ወንበራቸው ተነሡ፤ በምትካቸው በኅብረት የሚጫወቱ የቫዮሊን ጓዶችና አጃቢ ድምፃውያን ገቡ። በቀረጻ ብዛት ለሚከፈለው የስቲል ተጫዋች ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በአንድ ወንበር ተቀምጦ ከራሱ ድምፅ በተጨማሪ ኦርጋንን፣ የሰው ድምፅን ወይም ቫዮሊንን የሚያስታውስ ቀለም ማውጣት የሚችል ባለሙያ ለአዘጋጁ የሚያቀርበው ነገር ይበዛል። ፒት ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1964 የስቲሉን ድምፅ በቱቦ ወደ አፉ አስገብቶ መሣሪያው ቃል የሚናገር አስመስሎ ታዋቂ መሆኑ የዚያ ዘመን ፍለጋ አንዱ ምልክት ነው።

እጅና እግር የሚጨምሩት

ሣጥኑን ማገናኘት ብቻውን ቫዮሊን አያመጣም። ቀሪው ሥራ የተጫዋቹ ነው። ክሩ ሲመታ ቀኝ እግር የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን ዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያ በዝግታ ይከፍተዋል። ጠቅታው ተሰውሮ ድምፁ ከዝምታ ውስጥ ሲወጣ ደጋን ክሩን መሳብ የጀመረ ይመስላል። መቆጣጠሪያው ከፈዙ በኋላ ሲቀመጥ እግሩ የሚለውጠው የድምፁን ጉልህነት ብቻ ነው፤ ሲዘጋም የፈዙን ጩኸት አብሮ ያፍናል። ከፈዙ በፊት ሲቀመጥ ግን የሻካራነቱ መጠንም ይለዋወጣል፤ ፈዙም የእግሩን ጥረት መልሶ ስለሚያስተካክለው የድምፁ እድገት ይደበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ድምፁን መግራት ነው። ሞገዱ ከላይም ከታችም እኩል ከተቆረጠ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ተከታይ ድምፆች ብቻ ይወጣሉ፤ ይህ ከቫዮሊን ይልቅ ወደ ክላርኔት የሚያደላ ባዶነት ይሰጣል። አንዱ ጎን ከሌላው በላይ የሚቆረጥበት ፈዝ ሙሉዎቹንም ስለሚጨምር ወደ ቫዮሊን ይቀርባል። ከዚያ በላይኛው ጫፍ ያለው ሹል ጩኸት በድምፅ ማስተካከያው ይቀነሳል። ቫዮሊን ከ2000 እስከ 3000 ኸርዝ ባለው ክልል የሚያስተጋባ የራሱ ገላ አለው፤ የስቲል ጊታር ጥብቅ እንጨት ይህ ስለሌለው ያንን ክልል በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ይረዳል። በመጨረሻም ግራ እጅ ብረቱን በስሱ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ድምፁን ያርገበግባል፤ የቫዮሊን ተጫዋች በጣቱ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

አንድ ብርቱ ወሰን አለ። ፈዝ ሁለት ድምፆችን በአንድ ላይ ሲቀበል የሁለቱን ድምርና ልዩነት ይወልዳል። 440 ኸርዝና በፒያኖ ቅኝት የተስተካከለው 554 ኸርዝ አብረው ሲገቡ የ114 ኸርዝ ድምፅ ከሥር ይፈጠራል፤ ይህም ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ጉርምርምታ ነው። ብረቱ ፍሬት ስለማያግደው የስቲል ተጫዋቹ ሁለተኛውን ድምፅ ወደ 550 ዝቅ አድርጎ መቃኘት ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚወለደው 110 ኸርዝ፣ ከ440ው ሁለት ስምንተኛ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ያው “ላ” ነው። ጉርምርምታው ወደ ስምምነት ይለወጣል። እንዲህም ሆኖ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ፈዝ ሲከፍቱ በአንድ ክር ብቻ ይሄዳሉ፤ ብዙ ድምፅ ሲፈልጉ ሣጥኑን ይዘጋሉ።

ለዚህ አካባቢ ጆሮ

የደጋን ድምፅ ለመካከለኛው ምሥራቅ የቅርብ ዘመድ ነው። በ950 ያረፈው ታላቁ ሙስሊም ፈላስፋ አል-ፋራቢ በሙዚቃ መጽሐፉ ስለ ረባብ ጽፏል፤ ቫዮሊንም ወደ ዐረብ ሙዚቃ ሲገባ ከረባብ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። በኢትዮጵያም የማሲንቆ ተጫዋች አንዲቱን የፈረስ ጭራ ክር በጣቱ ነክቶ ያለ ፍሬት ድምፅ ያንሸራትታል። ኡድን፣ ረባብንና ማሲንቆን የለመደ ጆሮ ከናሽቪል የመጣውን ይህን ድምፅ ሲሰማ ባዕድነቱ አይጸናበትም።

የስቲሉ መንገድም በአሜሪካ አላበቃም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ሰው የሚሰማው የሕንድ ፊልም ሙዚቃ የሃዋይን ጊታር ቀድሞ የተቀበለ ነው፤ በሙምባይ የሠራው ቫን ሺፕሊ ቫዮሊንንም ኤሌክትሪክ የሃዋይ ጊታርንም ይጫወት ነበር። በናይጄሪያም ዴሞላ አዴፖጁ በኪንግ ሰኒ አዴ ቡድን ውስጥ ፔዳል ስቲልን ከጁጁ ከበሮዎች ጋር አስማምቷል።

ዛሬ የተቀረጸ የእውነተኛ ቫዮሊን ድምፅ በኮምፒውተር ቁልፍ ተጭኖ ማውጣት ቀላል ሆኗል። ፈዝን ከፔዳል ስቲል ጋር የሚያገናኙ ተጫዋቾች ግን አልጠፉም። የኮምፒውተሩ ድምፅ ወደ ቫዮሊን ይበልጥ ይቀርብ ይሆናል፤ ሆኖም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚደረገውን ጉዞ፣ የመዘግየቱንና የመንቀጥቀጡን ልክ በቁልፍ መወሰን አድካሚ ነው። በስቲሉ ላይ ያን ልክ የሚወስነው በተጫዋቹ መዳፍ ሥር የተኛው ብረት ነው።