የአዳኙ ቀለም ድንኳን ውስጥ ሲገባ

በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት የጠመንጃ የአጋዘን አደን የሚከፈተው ከምስጋና ቀን በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር አጋማሽ መሆኑ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ለዘጠኝ ቀን ጫካ ይገባል። ያን ሁሉ ጠመንጃ የያዘ ሰው እርስ በርስ ከመገዳደል ለመጠበቅ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ አዳኞች ቀይ እንዲለብሱ አዘዘች። ግን ቀይ ሲመሽ ይጠቁራል። በ1980 ቀዩ በሚንቦገቦግ ብርቱካናማ ተተካ። ዛሬ በጠመንጃ አደን ወቅት ከወገብ በላይ ከሚለበሰው የውጭ ልብስ ቢያንስ ግማሹ በዚህ ቀለም መሆን አለበት፤ ከ2016 ወዲህ ደማቅ ሮዝም ይፈቀዳል።

ቀለሙ የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም። ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረርና ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ብርቱካናማ አድርጎ መልሶ ስለሚረጨው፣ ደመናማ በሆነ ንጋት እንኳ ራሱ የሚበራ ይመስላል። አጋዘን ግን ይህን አያይም። የሰው ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ሲሆኑ የአጋዘን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቀይና ብርቱካናማን የሚለየው የለውም። ስለዚህ ሰደርያው ለአጋዘኑ ከደረቀ ሣር ብዙም አይለይም። ሰውን ለሰው የሚያሳይ፣ ከአውሬው ግን የሚሰውር ቀለም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ የመጣው ከማድፈጫ ድንኳኑ ጋር ነው። ዛሬ አዳኞች የሚወዱት በጥቂት ደቂቃ የሚዘረጋ፣ ውጭው የቅጠልና የቅርንጫፍ ሥዕል ያለበት፣ ውስጡ ጥቁር የሆነ የጨርቅ ድንኳን ነው። ሰውዬው ሕጉ ያዘዘውን ሰደርያና ኮፍያ በትክክል ለብሶ ገብቶ ይቀመጣል። ከውጭ ለሚመለከት ሌላ አዳኝ ግን የሚታየው ቁጥቋጦ ነው። ሕጉ የተጻፈው ለሚራመድ ገላ ስለነበር፣ ግድግዳ ሲጋርደው ቀለሙ ሥራውን ያቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። የሚያሰጋው ድንኳኑ አጋዘን መስሎ መተኮሱ ብቻ አይደለም። ተኳሹ አጋዘኑን በትክክል ለይቶ፣ ከአጋዘኑ ጀርባ ያለውን ድንኳን ግን ሳያስተውል ቃታውን ሊስብ ይችላል። የሳተ ጥይት ደግሞ እዚያው አይቆምም።

ስለዚህ አንዳንድ ግዛቶች ቀለሙን ከሰውዬው ወደ ድንኳኑ አሻገሩት። አዮዋ 144 ካሬ ኢንች ብርቱካናማ ከየአቅጣጫው እንዲታይ ታዛለች፤ በግምት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ነው። ኢንዲያና ያንኑ ስፋት በእያንዳንዱ ጎን ትፈልጋለች። ኢሊኖይ 400 ካሬ ኢንች የሚሆን ጨርቅ በድንኳኑ አናት ላይ እንዲታሰር ታዛለች፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ ጎኑን ሣርና ቁጥቋጦ ይሸፍነዋልና። ዊስኮንሲን ግን ግዴታውን የወሰነችው የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ብቻ ነው። በግል መሬት ላይ ያለ ድንኳን አይመለከተውም።

በዚህ ግዴታ ላይ ያለው ክርክር ገና አልበረደም። ባለመሬቶች «በገዛ እርሻዬ ማን እንዳለ አውቃለሁ» ይላሉ። በሕዝብ መሬት የሚያድኑት ደግሞ ደማቅ ጨርቅ ድንኳናቸውን ለሌባ ይጠቁማል ብለው ይሰጋሉ። የሁለተኛው ስጋት ይገባኛል፤ የተሰረቀ ድንኳን ግን ይተካል። የመጀመሪያውን አልቀበለውም። የአደን ጠመንጃ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይችላል፤ የጎረቤት አጥር አያቆመውም። ከአጥሩ ማዶ የሚተኩሰው ሰው የእርሻውን ባለቤት ላያውቀው ይችላል።

እርግጥ ጨርቁ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 በሜይን ግዛት ኸርመን በምትባል ከተማ አንዲት የመንታ ልጆች እናት በቤቷ ጓሮ አጠገብ በአዳኝ ጥይት ተገደለች። ነጭ ጓንት አድርጋ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ያለው አጋዘን ደግሞ ጭራው ነጭ ነው። ብዙ ሰዎች ብርቱካናማ ባለመልበሷ ወቀሷት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በጓሮዋ የቆመች ሴት የአዳኝ ልብስ የመልበስ ዕዳ የለባትም። ተኳሹ በ1990 ነጻ ተባለ፤ ሜይን ግን አዳኝ ከመተኮሱ በፊት ዒላማውን በእርግጠኝነት እንዲለይ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ከወንዶች ውስጥ 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን በደንብ እንደማይለዩም መታወስ አለበት። ቀለሙ ተኳሹን ያግዘዋል እንጂ ኃላፊነቱን አይወስድለትም።

ድንኳን ለሚተክል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቀለም ፀሐይ ይፈራል። በጋውን ሙሉ ውጭ የከረመ ጨርቅ ስፋቱ ያው ሆኖ ይገረጣል፣ ያ መንቦግቦጉም ይጠፋል። ከአደኑ መክፈቻ በፊት አዲስ ጨርቅ አናቱ ላይ ይሰሩ፤ ከዚያ በአራቱም አቅጣጫ መቶ እርምጃ ያህል ርቀው፣ በንጋት ብርሃን፣ ዞር ብለው ይመልከቱት።