ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሠራ ሲባል

ባሕር ዳር ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ትደርሳለች። በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ጥላ ሥር ኮድ የሚያስኬድ ተማሪ የላፕቶፑ ፋን መጮህ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው የሲፒዩውን መቶኛ ነው። 100% ካለ ማሽኑ ያለ የሌለ ጉልበቱን እየሰጠ ይመስለዋል።

ቁጥሩ ግን የሚለካው ጊዜን ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እያንዳንዱ ኮር ሥራ ላይ የነበረበትንና ሥራ ፈትቶ የቆየበትን ጊዜ ለየብቻ ይመዘግባል። ሊኑክስ ላይ እንደ ቶፕ ያለ መሣሪያ ይህን መዝገብ በየጥቂት ሰከንዱ እያነበበ ልዩነቱን በመቶኛ ያወጣል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የጫኑ ሁለት ታንኳዎች እኩል ሰዓት ቢቀዘፉም ነፋስ የገጠመው ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሪፖርቱ የሚነግረን የተቀዘፈበትን ሰዓት ብቻ ነው። ኮሩ ከሜሞሪ ዳታ እስኪመጣለት የሚጠብቅበት ጊዜ እንኳ እንደ ሥራ ይቆጠርለታል።

በዚያ ሰዓት ኮሩ ምን ያህል እንደሚሠራ ደግሞ ሙቀቱም ሊወስነው ይችላል፤ እዚህ ላይ ከፍታው ይመጣል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ነው። እኩል ሙቀት ላይ የዚህ አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ኤ2 ለሚባሉት ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ይፈቅዳል፤ ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በባሕር ዳር ከፍታ ሲሰላ 32 ይመጣል። ለሚያዝያ ጠባብ ልዩነት ነው፤ ፋኑ አቧራ ከጠጣማ የባሰ።

ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከ3 ጊጋኸርዝ ወደ 1.5 ቢወርድ ሥራው በእጥፍ ይጓተታል፤ ቶፕ ግን 100% ማለቱን አይተውም። ይባስ ብሎ ትናንት 40% ይወስድ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ 80% ሊያሳይ ይችላል፤ ሰውም ፕሮግራሙን ይወቅሳል። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከዊንዶውስ 8 (እ.ኤ.አ. 2012) ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ድረስ የሲፒዩውን ጠቅላላ መቶኛ ሲያወጣ ፍጥነቱንም ከግምት ያስገባ ነበር፤ መደበኛ ፍጥነቱ 3 ጊጋኸርዝ የሆነ ፕሮሰሰር በግማሹ ያለ ዕረፍት ቢሠራ 50% አካባቢ ያሳይ ነበር። ሁለቱም አልዋሹም፤ የለኩት የተለያየ ነገር ነው።

መፈተሽ የፈለገ ሰው አራት ኮር ባለው የሊኑክስ ማሽን ዬስ የሚለውን ትዕዛዝ ውጤቱን ወደ ዴቭ ነል እየጣለ ያስነሳ። ቶፕ በፕሮግራሙ መስመር 100 ገደማ ይጽፋል፤ ከላይ ያለው ማጠቃለያ ደግሞ ሦስት አራተኛው ሥራ ፈት ነው ይላል። ሺፍትና አይ ሲጫን 100ው 25 ይሆናል፤ በፕሮግራሙ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ አካፋዩ ነው የተቀየረው። ከዚያ አራት ዬስ አብሮ አስነስቶ የኮሮቹን ጊጋኸርዝ ለሩብ ሰዓት መከታተል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን መቶኛውን ትቼ አንድ ትልቅ ፋይል ጠዋት በቀዝቃዛውና ከሰዓት በሙቀቱ ስንት ደቂቃ ፈጅቶ እንደሚታመቅ በሰዓት እይዛለሁ።