የሐኪም ወረቀት

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ከሚከራዩት ሰፈር አንድ ማለዳ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ለአራት የተከራዩት ጠባብ ክፍል ነው። ሦስቱ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው እየተጣደፉ ወጥተዋል። አራተኛዋ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አድሮ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ፍራሹ ጫፍ ላይ ብሯን ትቆጥራለች። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ወረፋው ቀኑን ይበላዋል፤ ለግል ክሊኒክ የያዘችው አይበቃም። ሳትታከም ተኝታ ብትውል የሐኪም ወረቀት አይኖራትም። ወረቀት ከሌለ «ቀሪ» ተብላ ትመዘገባለች፣ ወሩን ሙሉ ላልቀረ የሚከፈለው ጉርሻም ይቀርባታል። ሁለት ፓራሲታሞል ዋጠችና በባጃጅ ተከተለቻቸው።

ሕጉ ሲነበብ ደህና ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥለው ያሉት 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ችግሩ ያለው መግቢያው በር ላይ ነው። መብቱ የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ነው፤ እሱም እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል። ከዚያ ደግሞ የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃ ያላመጣችበት ቀን ያለ በቂ ምክንያት እንደቀረች ይቆጠርባታል፤ በጽሑፍ እየተነገራት በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን ከሞላ ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበት ነው። ለአንድ ቀን ትኩሳት ወይም ለወር አበባ ቁርጠት ማን ነው ሐኪም ዘንድ የሚሰለፈው?

ለእናቶች ደግሞ ይብሳል። በዚሁ አዋጅ ልጇ የሞተባት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። ልጇ ታሞ ሆስፒታል ከተኛ ግን ለድንገተኛና ከባድ ችግር ከሚሰጠው የአምስት ቀን ፈቃድ በቀር የምትጠይቀው የለም፤ እሱም ያለ ደመወዝ ነው፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ሕጉ ለቀብር ከፍሎ ለማስታመም አይከፍልም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል፤ በየቤቱ የታመመ ልጅ ይዛ የምትሮጠው እናት መሆኗን የማያውቅ የለምና።

የደመወዝ እኩልነት ጥያቄም እዚሁ ላይ ይገናኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ፈቅዷል። ነገር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሴቶች በተቀመጡበት የስፌት መስመር ላይ ያለችው ልጅ ደመወዟን ከየትኛው ወንድ ጋር ታወዳድር? ኢትዮጵያ በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 የሚለው ሰፋ ያለ ነው፦ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ። በዚያ ሚዛን የሰፊዋ እጅ ከማሽን ጠጋኙ እጅ ጋር መመዘን ነበረበት። ይህን መዛኝ የለም፤ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም የለም። የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ተስፋ በሰጠበት ዓመት፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳዎቹን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብለው መዝግበውታል። በዚህ ደመወዝ የአንድ ቀን ሕመም የወሩን አስቤዛ ያናጋል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀሩት የቤት ሠራተኞች ናቸው። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ብሎ ከሽፋኑ አውጥቷቸዋል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስንላቸዋል ብሎ አልፏል። የ1996ቱም አዋጅ ይህንኑ ብሎ ነበር። ስለዚህ ስትታመም የምትተኛው እትዬ ከፈቀዱላት ነው፤ ካልፈቀዱላት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች።

አሠሪዎች፣ ወረቀት ካልተጠየቀ ሁሉም ታመምኩ ይላል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ይገባኛል። ቢያንስ የመጀመሪያዋን ቀን በሠራተኛዋ ቃል መቀበል፣ በሕመም የቀረችበትንም ቀን ከጉርሻ አለመቁረጥ ግን ፋብሪካ አያከስርም።

ደሞዝ በወጣ ሰሞን ልጅቷን መልሼ አገኘኋት። የደመወዝ ወረቀቷን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ቀሪ በሚለው ረድፍ 0 ተጽፏል፣ ጉርሻውም ገብቶላታል። ትኩሳቱ ታይፎይድ መሆኑ የታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው። ለመርፌና ለመድኃኒት ከሦስቱ ጓደኞቿ የተበደረችው ከጉርሻው ይበልጣል።